የአንባቢያን ጥያቄ፦ መቶ ሺህ ሰው በምን ስንቅ ዘመተ?

ጥያቄ፦ የዓድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ጀግንነቱ ብዙ እንሰማለን። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ባንክ፣ ባቡርና የጦር ሚኒስቴር በሌለበት ዘመን ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከየአገሩ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ የዘለቀው ማን እያበላው ነው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዘማቹን ያበላው በመጀመሪያ የገዛ ጎተራው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ይላል፤ ጉልበት የሌለውን በሐዘኑ እንዲረዳ ይለምናል፤ ወስልቶ የሚቀረውን ያስጠነቅቃል፤ የሸዋ ሰውም እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ቀን ይቆርጣል። ስለ ቀለብና ስለ ደመወዝ የሚለው ነገር የለም፤ ሊልም አያስፈልገውም ነበር። ባለ ማደሪያው መሬት የተሰጠው ነጋሪት ሲጎሰም ስንቁን ጭኖ እንዲከተል ነው፤ ገባሩም ዓመቱን ሙሉ እህሉንና ጉልበቱን ለዚያ ወታደር ሲገብር የኖረው እንዲህ ላለው ቀን ነው። እያንዳንዱ መኳንንት የራሱን ሰው ይዞ ስለሚመጣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝዙት ጥቂት አለቆችን ብቻ ነው። የሰፈሩን አቀማመጥ እንኳ የማዕረግ ስሞቹ ይናገራሉ፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ እየሰፈረ፣ ድንኳኑን የት እንደሚተክል የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ስንቁ የሚዘጋጀው በቤት ሴቶች እጅ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ከሁሉም በላይ በሶ ይሰናዳል። በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ እሳት አያሻውም፤ ዘማቹ ከስልቻው እፍኝ አውጥቶ በውሃ ይለውስና ጭብጦ አድርጎ እየበላ መንገዱን ይቀጥላል። ሴቶቹም ከቤት አይቀሩም፤ ብዙዎቹ አብረው ዘምተው እህል ይፈጫሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ቁስለኛ ያነሣሉ።

እስቲ በግምት እናስላው። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይበቃዋል ብንል ለመቶ ሺህ ሰው በየቀኑ 500 ኩንታል ያስፈልጋል። አንዲት በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ካልን፣ ለአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 500 በቅሎ መጫን ይኖርበታል። ዘመቻው ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአራት ወር በላይ ቆይቷል። ስለዚህ ከቤት የተጫነው ስንቅ መንገድ ላይ ማለቁ አይቀርም፤ ካለቀ በኋላ ሠራዊቱ የሚኖረው በደረሰበት አገር ገበሬ ላይ ነው። የከብት እልቂቱና ረኃቡ ያደቀቀው ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነበርና የወሎና የትግራይ ገበሬ በዚያ ወራት ከጎተራው ያወጣው እህል ከድሉ ታሪክ ጋር አብሮ ሊነገርለት የሚገባ ይመስለኛል። ስለ በቅሎዎቹ የሚናገር ግን ከቶ አልገጠመኝም።

ቤተ መንግሥቱ በራሱ ገንዘብ ያሟላው በተለይ ጠመንጃና ጥይቱን ነው። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ቡናና ዝባድ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፣ በምትኩ መሣሪያ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ይገባል። ከውጫሌ ውል በኋላ ከጣሊያን 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር የተገኘ ሲሆን፣ መያዣ የሆነው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር፤ ምኒልክ ውሉን ሲያፈርሱ ብድሩንም ከፍለዋል።

የካቲት ሲጋመስ ዓድዋ ላይ የሰፈረው ሠራዊት እህሉ እየተመናመነ፣ ብዙ ሰውም ቀለብ ፍለጋ እየወጣ ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪም ይህን ያውቃል፤ ሆኖም የእርሱም ጦር ስንቅ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ ወደ ኋላ እንመለስ ወይስ እንግጠም በሚል ከጄኔራሎቹ ጋር ተማከረ። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይወቅሰው ነበርና ጄኔራሎቹም ማፈግፈጉን ስላልወደዱ ለየካቲት 23 አጥቢያ ሌሊት ወደ ፊት ገፋ። ከድሉም በኋላ ምኒልክ መረብን ተሻግረው ያልሄዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው የስንቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ሙሶሊኒ እኛን ለመውጋት የጣሊያን ሴቶችን የጋብቻ ቀለበት ሰበሰበ የሚባለው እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከሮም)

መልስ፦ እውነት ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ከጣለ ከአንድ ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ ንግሥት ኤሌና ሮም በሚገኘው የማይታወቀው ወታደር መቃብር የራሷንና የንጉሡን ቀለበት አስረከበች። ሕዝቡም ተከትሎ ወርቁን ሲሰጥ በምትኩ የብረት ቀለበት ይሰጠው ነበር። የጦርነቱ ወጪ ግን በቀለበት የሚሸፈን አልነበረም። የተፈለገው እያንዳንዱ ቤተሰብ በጣቱ ያጠለቀውን ሰጥቶ የጦርነቱ ባለድርሻ እንዲሆን ነው፤ ይህም ተሳክቷል። ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ በመቅረቱና የስዌዝ ቦይም ክፍት በመሆኑ መርከቦቹ ጦር እየጫኑ ምጽዋ መድረሳቸውን አላቆሙም።

ጥያቄ፦ በ1888 የሠራው ክተት በ1928 ለምን ሳይሠራ ቀረ? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ክተቱስ ሠርቷል፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነጋሪቱ ሲመታ ሰው እንደ አባቱ ስንቁን ይዞ ወጥቷል። የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ዘመናዊ ጦርነት የሚፈልገውን ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረንም፤ ከውጭ እንዳንገዛም ኃያላን መንግሥታት የጣሉት የጦር መሣሪያ ሽያጭ ክልከላ አግዶናል። በዘመናዊ ሥልጠና የተዘጋጀው እንደ ክቡር ዘበኛ ያለው ጦር ጥቂት ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የክተት ዋና ኃይሉ የሆነው በአንድ ሜዳ መሰብሰብ ራሱ መጥፊያው መሆኑ ነው፤ በቅሎው፣ ድንኳኑና የምድጃው ጭስ ከአውሮፕላን ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቦምቡና የመርዝ ጋዙም የሚወርደው እዚያው ላይ ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ከተደረገው ውጊያ በኋላ ያ ታላቅ ሠራዊት ተበተነ።

ሲበተን ግን ጎተራው አብሮ አልተበተነም። አርበኛው በትንንሽ ቡድን ዱር ሲገባ ማታ ማታ እንጀራ የሚያደርስለት የመንደሩ ሰው ነው፤ በከተማ ደግሞ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ጥይትና ልብስ ከጣሊያን ዓይን እየሰወሩ ይልኩለት ነበር። በዚህ አኳኋን አምስት ዓመት ተኖረ።