የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቅርብ ዓመታት የጀብዱ ጌሞች

ባለፈው እትም ስለ ኳስ ጌሞች ከጻፍን ወዲህ ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ሌላ ዓይነት ጌም ነው፤ ይኸውም ድብድብንና ጉዞን ከረጅም ታሪክ ጋር አዋሕዶ ስለሚያቀርበው፣ ተጫዋቾች «አክሽን አድቬንቸር» ብለው ስለሚጠሩት ዓይነት ነው። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል። «ዓ.ም.» ከተባለበት በቀር ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ፕሌይስቴሽን 4 ያሉት ጌም ቤት አለኝ። የሚመጡት ልጆች ከኳስ ሌላ የሚጫወቱት የለም፤ የማስከፍለውም በጨዋታ ነው። አሁን አሁን ግን ከፍ ከፍ ያሉት ወጣቶች «ታሪክ ያለው ጌም አስገባ» እያሉ ይወተውቱኛል። ገንዘብ ባወጣበት ያዋጣኛል? የትኞቹንስ ልምረጥ?

መልስ፦ የአከፋፈሉን ሥርዓት ሳይለውጡ ካስገቡ አያዋጣዎትም። የኳስ ጌም በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል፤ የተሸነፈው ይነሣል፣ ተራ የሚጠብቀው ይቀመጣል፣ እርስዎም ሒሳብዎን ይቀበላሉ። የጀብዱ ጌም ግን ዋናው ታሪኩ ብቻ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በሰዓት ካልሆነ በቀር ሊከፈልበት አይችልም። ከክፍያው ይልቅ ደንበኛ የሚያሳጣዎት ግን ሴቭ፣ ማለትም ተጫዋቹ የደረሰበት ቦታ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው። አንድ ልጅ ትናንት ታግሎ ያለፈውን ቦታ ዛሬ ሲመጣ ሌላ ሰው «አዲስ ጌም» ብሎ ጀምሮበት፣ የእሱን ሴቭ ደርቦበት ካገኘው ሁለተኛ ወደ ቤትዎ አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጌም ቤቶች አይጠቀሙበትም፦ አንድ ፕሌይስቴሽን 4 እስከ 16 ተጠቃሚዎችን መመዝገብ ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ ቋሚ ደንበኛ በስሙ የራሱን ተጠቃሚ ይክፈቱለት፤ የአንዱ ሴቭ ከሌላው ጋር አይነካካም። ልጁም ሁልጊዜ በዚያው ማሽን እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ማሽኑ ከተያዘ ደግሞ፣ ልጁ በሁለቱም ማሽኖች በአንድ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት የሚገባ ከሆነ፣ በሴቲንግ ውስጥ ገብተው ሴቩን በፍላሽ ገልብጠው ወደ ሌላው ማዛወር ይችላሉ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ለጌም ቤት ከሁሉ በፊት የምመክረው በ2021 የወጣውን «ኢት ቴክስ ቱ»ን ነው። ይህ ጌም ለብቻ አይጫወቱትም፤ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሰዎች በሁለት ጆይስቲክ እየተጋገዙ የሚሄዱበት ነው። ስለዚህ የኳስ ጌም ያስለመደውን አቀማመጥ አይለውጥም፤ ጓደኛሞች ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ይቀጥላሉ። ሊፋቱ የወሰኑ ባልና ሚስት በአሻንጉሊት ተመስለው የገዛ ቤታቸውን ሲያቋርጡ ያሳያል። ጥበቡ በየምዕራፉ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለያየ መሣሪያ መስጠቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ባል ምስማር ይወረውራል፣ ሚስት በመዶሻዋ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥላ ትሻገራለች፤ ወረድ ብሎ ደግሞ አንዱ ተቀጣጣይ ሙጫ ይረጫል፣ ሌላዋ ክብሪት ተኩሳ ታፈነዳዋለች። አንዱ ቢሰንፍ ሁለቱም ይቆማሉ፤ ጌም ቤት ውስጥ ከጀርባ ቆሞ የሚመለከተው ሁሉ መምህር የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ ብዙም ያልገፋ ልጅ እንኳ በዓይኑ ተከትሎ ይጫወተዋል።

ለብቻ ለሚጫወቱት ሁለት ልጥቀስ። የመጀመሪያው በ2022 የወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ» ነው። የተወረወረ መጥረቢያ በአንድ ቁልፍ ተጠርቶ ወደ እጅ ሲመለስ፣ በመንገዱ ላይ የቆመውን ጠላት ከኋላው እየመታ መምጣቱ ብቻውን ለሰዓታት ያጫውታል። ጉድለቱ ወሬ ማብዛቱ ነው፦ አንድ እንቆቅልሽ ፊት ቆመው ገና ሳያስቡበት አብሮዎት የሚሄደው ገጸ ባሕርይ «እዚያ ጋ ያለውን ምታ» ብሎ መልሱን ይነግርዎታል። ሁለተኛው የ2020ው «ጎስት ኦፍ ጹሺማ» ሲሆን፣ በ1274 ሞንጎሎች የጃፓኗን የጹሺማ ደሴት ሲወርሩ ስለ ተነሣ አንድ ተዋጊ ይተርካል። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱ ይህኛውን አስቀድማለሁ። ሌሎች ጌሞች ተጫዋቹን በስክሪኑ ጥግ ባለ ካርታና በቀስት ሲመሩት፣ ይህ ግን በነፋስ ይመራዋል፤ በጆይስቲኩ መካከል ያለውን መዳሰሻ በጣት ወደ ላይ ሲያንሸራትቱ ነፋስ ይነሣና ሣሩና ቅጠሉ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ያዘነብላል። በዚህም ምክንያት የተጫዋቹ ዓይን ካርታው ላይ ሳይሆን አገሩ ላይ ይውላል። እርግጥ ነው፣ ቀበሮ መከተልና የተያዙ መንደሮችን ነጻ ማውጣት እየተደጋገመ ከመካከሉ በኋላ ያሰለቻል። በ2025 የወጣውን ተከታዩን «ጎስት ኦፍ ዮቴ»ን ቢጠይቁዎት ግን በፕሌይስቴሽን 5 ብቻ የሚሠራ መሆኑን ይንገሯቸው።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ስለ «ብላክ ሚዝ ውኮንግ» ያወራሉ። የእኔ ኮምፒዩተር ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድና 8 ጊጋባይት ራም አለው። ያጫውተኛል? ጌሙስ የተባለለትን ያህል ነው?

መልስ፦ አያጫውትህም። ጌሙ በትንሹ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ካርድ፣ 16 ጊጋባይት ራምና 130 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ዳታ አውርደህ ወይም ከጓደኛህ በሃርድ ዲስክ አስገልብጠህ፣ በመጨረሻ እየተንቀረፈፈ ቢያስቸግርህ ድካምህ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ካርድህን ለመቀየር ካሰብህ፣ አዘጋጆቹ የኮምፒዩተርን አቅም መለኪያ ፕሮግራም በነጻ ስለለቀቁ አስቀድመህ በእሱ ፈትሽ።

ስለ ጌሙ ጥራት የጠየቅኸው ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። በቻይናውያኑ «ጌም ሳይንስ» ኩባንያ ተሠርቶ በነሐሴ 2024 ሲወጣ በሦስት ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠ ጌም ነው። መነሻው በ16ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የዝንጀሮው ንጉሥ ተረክ ሲሆን፣ ተጫዋቹ የዚያን ንጉሥ ፈለግ የሚከተል ሌላ ዝንጀሮ ሆኖ ይጫወታል። መሣሪያው በአመዛኙ ዱላ ነው። ለመንገድም ለክብርም ዱላ ከትከሻው የማይለይበት የጎጃም ሰው ይህን ጌም ቢያይ ከሌላው ቀድሞ የሚረዳው ይመስለኛል፤ በዱላ መቀጥቀጥ፣ በዱላ መውጋትና ዱላን ተክሎ መቆም ሦስት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግምና። ጌሙም የተመሠረተው በእነዚሁ በሦስቱ አያያዞች ላይ ነው። በመጀመሪያው ከላይ ወደ ታች አሳርፈህ ትመታለህ። በሁለተኛው ዱላውን መሬት ላይ ተክለህ ጫፉ ላይ ትወጣለህ፤ ጠላት ከሥርህ ሲጠርግ አያገኝህም። በሦስተኛው ርቀትህን ጠብቀህ ትወጋለህ። ጠላትን ለጥቂት ቅጽበት ባለበት የሚያደርቀው አስማት ሲጨመርበት፣ መቼ ማድረቅ፣ መቼ መምታት፣ መቼ መሸሽ እንዳለብህ የምትማረው እየሞትህ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጫካ ውስጥ የሚያጋጥምህ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ፍጡር ብዙ ሰው ጌሙን ጥሎ እንዲነሣ አድርጓል። እንዲያ ከሆነብህ ትተኸው እለፍ፤ ጉልበት ስታገኝ ትመለስበታለህ።

ድብድቡ ይህን ያህል የተሳካ ሆኖ ሳለ ጉዞው ግን ደካማ ነው። ጌሙ ሲወጣ ካርታ አልነበረውም፤ ይህን ራሱን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ጥፋቱ ክፍት የሚመስለው መንገድ በማይታይ ግድግዳ የታጠረ መሆኑ ነው። አንዱን ቋጥኝ ትዘለዋለህ፣ አጠገቡ ያለውንና ከእሱ የሚያንሰውን ግን አትዘለውም፤ የትኛው እንደሚያሳልፍህ የምታውቀው ተላትመህ ብቻ ነው። ጀብዱ የሚባለው የራስህን መንገድ መፈለግ ከሆነ ይህ ጌም ግማሹን ብቻ አሟልቷል።

ለአንተ ኮምፒዩተር የሚስማማው በ2024 የወጣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ዘ ሎስት ክራውን» ነው። ከጎን እየታየ የሚጫወቱት ጌም ስለሆነ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ ጂቲኤክስ 950 ካርድና 8 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። «ምስኪኑ ጌም» ብለህ እንዳትንቀው፤ ዝላዩና ድብድቡ እጅ በእጅ የተያያዙበት፣ ከትልልቆቹ ብዙዎቹን የሚያስንቅ ሥራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣልህ፦ ማለፍ ያልቻልኸው በር ሲያጋጥምህ አንድ ቁልፍ ስትነካ ቦታውን ፎቶ አንሥቶ ካርታው ላይ ይለጥፍልሃል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ አዲስ ችሎታ ስታገኝ «ያ በር የት ነበር?» ብለህ አትንከራተትም። ይህን የመሰለ ቀላል ብልሃት ሌሎቹ ጌሞች እስካሁን አለመቅዳታቸው ይገርመኛል።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አንድ ጥቁር ሰው በጃፓን ሳሙራይ ሆኖ የሚዋጋበት ጌም መኖሩንና ሰውየውም ሐበሻ መሆኑን ነገሩኝ። እውነት ነው? ጣሊያኖችን የሚዋጉበት አዲስ ጌምም አለ ይላሉ።

መልስ፦ ሰውየው ያሱኬ ይባላል፤ በእርግጥም የኖረ ሰው ነው። በ1579 ከኢየሱሳዊው ካህን ከአሌሳንድሮ ቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ገባ፤ በ1581 ከኃያሉ መስፍን ከኦዳ ኖቡናጋ ፊት ሲቀርብ መስፍኑ የቆዳው ጥቁረት ቀለም መስሎት እንዲያሳጥቡት ማዘዙ ተጽፏል። ከዚያም በአሽከርነት ተቀብሎ ቤትና ሰይፍ ሰጠው። ኖቡናጋ በ1582 ከሞተ በኋላ ያሱኬ የት እንደደረሰ አልታወቀም። የትውልድ አገሩን በተመለከተ፣ ከሞዛምቢክ እንደመጣ የሚናገር ከዘመኑ ጥቂት ዘግየት ብሎ የተጻፈ ምንጭ አለ፤ ሐበሻ ነው የሚለው የኋላ ሰዎች ግምት ስለሆነ ለተማሪዎችዎ እንደ እውነት ባያስተምሩት ይሻላል።

ጌሙ በመጋቢት 2025 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» ነው። ተጫዋቹ ያሱኬንና ናኦኤ የተባለችውን ሴት እየቀያየረ ይጫወታል፤ ያሱኬ በር ሰብሮ ይገባል፣ ናኦኤ ፋኖሱን አጥፍታ በደረቷ እየተሳበች ታልፋለች። የናኦኤ ጨዋታ እጅግ የላቀ ነው። ያሱኬ ግንብ መውጣት ስለማይሆንለት አገሩ ሰፊ በሆነበት ጌም ውስጥ እንደ ታሰረ ሰው ይሆናል፤ ስለዚህ ብዙ ተጫዋች ለውጊያ ብቻ ይጠራዋል። እንዲህ ያለውን ታሪካዊ ሰው አግኝተው ይህን ያህል ብቻ መጠቀማቸው ያስቆጫል።

ስለ ጣሊያኖች የሰሙት ደግሞ በታኅሣሥ 2024 የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» ሳይሆን አይቀርም። ዘመኑ 1937 ነው፤ በቫቲካን ውስጥ ካህን መስለው እየተዘዋወሩ የሙሶሊኒን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በጡጫ፣ በመጥረጊያ፣ ሲያሻም በዝንብ መግደያ ይመታሉ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሕዝብ የፈጁት እነዚያው ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ስለሆኑ፣ አያቶቹ ከነ በላይ ዘለቀ ጋር የዘመቱለት የጎጃም ተጫዋች ሥራውን ከሌላው በተለየ ስሜት እንደሚሠራው አልጠራጠርም። ጌሙ ግን ለቀልድ የቀረበ ነው፤ ከታሪክ ክፍል ይልቅ ለእረፍት ሰዓት ይሻላል። ቁም ነገሩ ጠብመንጃ እንደ ልብ አለመተኮሱ ነው፤ ተኩስ ካሰሙ መላው ሰፈር ይነሣብዎታል፤ ስለዚህ ዓይንዎን ከፍተው መንገድ መፈለግ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ የ10 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጌም ቤት ይገባል። ደም የሚፋሰስበት ነገር ሲያይ እንዳይውል እፈራለሁ። በምን ልለየው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ በሽፋኑ ላይ ያለውን ምልክት ይመልከቱ። የአውሮፓው 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 ብሎ ዕድሜ ይጽፋል፤ የአሜሪካው ፊደል ያለበት ሲሆን «ኤም» ያለው ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይደለም። «ጎድ ኦፍ ዋር» እና «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» የ18 ናቸው። ለልጅዎ በፕሌይስቴሽን 4 «ራቼት ኤንድ ክላንክ»፣ በፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ በ2024 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመው «አስትሮ ቦት» ይስማሙታል። የጌም ቤቱን ባለቤት በአካል ሄደው ቢያነጋግሯቸው ከሁሉ ይበልጣል፤ እናቱ የመጣችለትን ልጅ ማንም ለይቶ ይይዘዋል።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ እየተጫወትሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ፕሌይስቴሽን 4ቴ አልነሣ አለኝ። ሴቬ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ ላይጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ማሽኑን አጥፋው። ከዚያ ማብሪያውን ተጭነህ ያዝ፤ አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል፣ ሳትለቅ ሰባት ሰከንድ ያህል ስትቆይ ሁለተኛ ጢጥ ሲል ልቀቅ። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኝተህ ከሚመጣልህ ዝርዝር 5ኛውን ምረጥ፤ ይህ የዲስኩን መዝገብ እንደገና ያደራጃል፣ ጌምህንና ሴቭህን አይሰርዝም። 6ኛውንና 7ኛውን ግን ያለህን ሁሉ ስለሚያጠፉ አትንካቸው። ከተነሣልህ በኋላ ሴቭህን ዛሬውኑ በፍላሽ ገልብጥ፤ ማሽኑንም በእንቅልፍ ሁኔታ ትተኸው አትደር፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋው። አቅምህ ከፈቀደ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ግዛ፤ ሴቭ አድርገህ ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ይበቃሃል።