ስለ አንዲት ትንሽ የከተማ ዳር ሰፈር ለመጻፍ፦ መጀመሪያ ወሰኗን ይያዙ

ሰሞኑን አንድ አባላችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በአንድ ትልቅ ከተማ ዳርቻ ስለምትገኝ፣ ነዋሪዋ ከአሥር ሺህ ስለማይበልጥ ሰፈር ታሪኳን፣ መልክዓ ምድሯንና የሕዝቧን ብዛት አጠር አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ያገኘኋቸው የሕዝብ ቁጥሮችስ ለምን እርስ በርስ አይስማሙም?» እንዲህ ያሉ አጫጭር መግለጫዎችን ለዓመታት ሳዘጋጅ ስለቆየሁ፣ አንዳንዶቹንም ተሳስቼ ካሳተምኩ በኋላ ለማረም ስለተገደድኩ፣ ከሥራው ያገኘሁትን ላካፍልዎ።

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እሱ ከተፈታ የመጀመሪያው አያስቸግርዎትም። ቁጥሮቹ የማይስማሙት አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪው ተሳስቶ ሳይሆን፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ የተቆጠረው መሬት የተለያየ ስለሆነ ነው። ትልቅ ከተማ አስተዳደርና በሕግ የታወቀ ወሰን አለው። ትንሽ የዳር ሰፈር ግን ፖስታ ቤቱ በአንድ መንገድ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ፣ የቆጠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ በሦስተኛ መንገድ የሚከልላት ስም ልትሆን ትችላለች፤ ነዋሪውም ከሦስቱ የተለየ፣ «ከድልድዩ ወዲህ» የሚለው የራሱ ወሰን አለው። በመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ በአንዱ ላይ «የሰፈሯ ነዋሪ በአሥር ዓመት ውስጥ በእጥፍ አደገ» ብዬ በኩራት ጽፌ ነበር። ጽሑፉን ያነበቡ አንድ አዛውንት ደወሉልኝና «ልጄ፣ እኛ መቼ ተባዛን፤ ከሐዲዱ ማዶ ያሉትን ደምረውብን ነው እንጂ» አሉኝ። የሁለቱን ቆጠራዎች ካርታ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ በመስኮት መስታወት ላይ ብይዛቸው፣ የኋለኛው መስመር በእርግጥም ሐዲዱን ተሻግሮ ቀድሞ የሌላ ሰፈር የነበሩ ሦስት መንገዶችን ጠቅልሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ሰፈር ስጽፍ፣ አንድም ዓረፍተ ነገር ከማስፈሬ በፊት የየዘመኑን የወሰን ካርታ እሰበስባለሁ።

ይህ የትንንሾቹ ችግር ብቻ እንዳይመስልዎት፣ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። ከኒው ዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ በሎንግ አይላንድ የምትገኘው ሌቪታውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1951 ድረስ ድንች ይመረትበት በነበረ ሜዳ ላይ በአንድ ኩባንያ የተሠሩ 17,447 ቤቶች ያሏት ሰፈር ተብላ ትታወቃለች። ሆኖም ሌቪታውን የራሷ ከንቲባ ያላት ከተማ አይደለችም፤ የቆጠራው መሥሪያ ቤት ለስታቲስቲክስ ሲል ብቻ ወሰን ያበጀላት ስፍራ ናት። ኩባንያው ከሠራቸው ቤቶች ብዙዎቹ ከዚህ ወሰን ውጭ፣ በአጎራባች ሰፈሮች ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ የቤቶቹን ቁጥር ከታሪክ መጽሐፍ፣ የሰዎቹን ቁጥር ከቆጠራ ሠንጠረዥ ወስዶ ሁለቱን የሚያካፍል ጸሐፊ፣ በእውነተኛ ቁጥሮች የተሳሳተ አማካይ ያወጣል።

ሌቪታውን ሌላም ነገር ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ነዋሪዋ 65,276 ነበር፤ በ2010 ግን 51,881 ብቻ ተቆጠረ። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የሚያይ ሰው ሰፈሯ የፈራረሰች፣ ሰው ጥሏት የሸሸ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በአንድ ጊዜ የተሠራ ሰፈር ተመሳሳይ ዕድሜ ባላቸው ወጣት ባልና ሚስት ይሞላል፤ ልጆች በአንድ ጊዜ ይወለዳሉ፣ ትምህርት ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ይጨናነቃሉ፣ ልጆቹም አድገው በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ አምስት ሰው ይኖርበት በነበረው ውስጥ ሁለት ቀርተዋል። በአሜሪካ በአጠቃላይ በአንድ ቤት የሚኖረው ሰው አማካይ በ1960 ከነበረበት 3.3 ገደማ በ2010 ወደ 2.6 ገደማ ወርዷል። ስለዚህ የነዋሪውን ቁጥር ከቤቱ ቁጥር ለይተው አይጻፉት። ሁለቱ አብረው ከወረዱ አንድ ታሪክ ነው፤ ሰው ወርዶ ቤት ካልወረደ ፈጽሞ የተለየ ታሪክ ነው። በተዘጋጁት መግለጫዎች ውስጥ በብዛት የማየው ስሕተትም ይህ ነው።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ የዳር ሰፈር ታሪክ ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ከተማ የሚወስደው መንገድ ታሪክ ነው። ሰው ጧት ሄዶ ማታ የሚመለስበት ነገር ከሌለ፣ ያ ቦታ ገጠር ነው ወይም ራሱን የቻለ ከተማ ነው። ስለዚህ ሰፈሯ «መቼ ተቆረቆረች?» ከሚለው በፊት «በምን ይኬድ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በቺካጎ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ሪቨርሳይድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የባቡሩ መስመር በዚያ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው፤ አንድ የልማት ኩባንያ ሐዲዱ የሚያልፍበትን 1,600 ኤከር (650 ሄክታር ገደማ) የሚሆን መሬት ገዝቶ፣ የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ለነደፉት ለፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ለካልቨርት ቮ ሥራውን የሰጠው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ዕቅዱ በ1869 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የ1871ዱ የቺካጎ ቃጠሎ፣ ቀጥሎም የ1873ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና ኩባንያው ከሰረ። ሰፈሯ ግን በ1875 የራሷ አስተዳደር ያላት መንደር ሆነች። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ «የተቋቋመችበት ዓመት» 1864 ነው? 1869 ነው? ወይስ 1875? ሦስቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው። የሚያሳስተው አንዱን መርጦ የምን ዓመት እንደሆነ ሳይናገሩ መተው ነው።

ለንደንም ላይ ሥራው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ ባቡር የከፈተው ሜትሮፖሊታን የባቡር ኩባንያ፣ በኋላ ሐዲዱን ወደ ሰሜን ምዕራብ የእርሻ መሬት ዘርግቶ በዳር በዳሩ ያለውን ቦታ ለመኖሪያ አለማ፤ ከ1915 ጀምሮም አካባቢውን «ሜትሮላንድ» እያለ አስተዋወቀ። እንዲህ ያሉ የገንቢ ማስታወቂያዎች ደስ የሚሉ ሰነዶች ናቸው፤ ሥዕል አላቸው፣ ዋጋ አላቸው፣ ቀን አላቸው። ነገር ግን ሁልጊዜ «ባዶ መሬት» ይላሉ፤ ባዶ መሬት ደግሞ የለም። ከነሱ በፊት የሚያርስ፣ የሚያግድ፣ ግብር የሚከፍል ሰው ነበር፤ ያም ሰው በመሬት መዝገብ ላይ ስሙ አለ። ታሪክዎን ከገንቢው ከጀመሩ የጻፉት የማስታወቂያውን ተከታይ ክፍል ነው።

ማን ገባ የሚለው ብቻ ሳይሆን ማን እንዳይገባ ተደረገ የሚለውም የታሪኩ አካል ነው። በሌቪታውን የመጀመሪያዎቹ ውሎች ላይ ቤቱን ከነጭ ዘር በቀር ሌላ እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያሉ ክልከላዎችን ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሟቸው እንደማይችሉ ወሰነ፤ ይሁን እንጂ አንቀጹ ከወረቀቱ ከወጣ በኋላም ኩባንያው ለጥቁሮች አለመሸጡን ቀጠለ። የነዋሪውን ስብጥር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከዚህ ውጭ ብቻውን ቢቀመጥ፣ ሰው ሁሉ በምርጫው የሰፈረ ያስመስላል። የእርስዎም ሰፈር የቤት ውል ካለ የድሮውን ፈልገው ያንብቡት፤ ደረቅ ቢሆንም ማንም የማይነግርዎትን ይነግርዎታል።

መልክዓ ምድሩን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ፦ በእግርዎ ይሂዱ፤ የሚቻል ከሆነም ዝናብ ባባራ ማግስት ይሂዱ። ካርታ ከፍታውን ይነግርዎታል፤ ውኃው የት እንደሚተኛ ግን የቤቶቹ ግድግዳ ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ነው የሚናገረው። አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ መሐል ላይ ያለ ምክንያት ወደ ግራ ታጥፎ እንደገና ሲቃና አየሁና ነገሩ አልገባኝ አለ። በጋ ነበር፤ ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል። ከማጠፊያው አጠገብ ያለው የፍሳሽ ክዳን ላይ ጎንበስ ስል ከሥር የሚፈስ ውኃ ድምፅ ሰማሁ። በድሮው ካርታ ላይ በዚያው ቦታ ጅረት ተሥሏል፤ ከጅረቱ ዳር ዳር የሁለት እርሻዎች ድንበር ይሄዳል፤ በኋላ ጅረቱ በቱቦ ተቀብሮ መንገዱ የድንበሩን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ያች አንዲት ማጠፊያ የሰፈሩን ታሪክና መልክዓ ምድር አንድ ላይ ይዛ ነበር። በሪቨርሳይድም እንዲሁ ነው፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ ወንዙን ተከትለው ይጠማዘዛሉ፤ የዴስ ፕሌንስ ወንዝ ዳርቻም በዕቅዱ ለሕዝብ መናፈሻነት ተትቷል። ወንዙ ሲሞላ ይህ ምን ያህል አስተዋይ ውሳኔ እንደነበረ ይታያል።

ርቀትን ሲጽፉ ከየት እስከ የት እንደለኩ ይግለጹ። «ከከተማው 14 ኪሎ ሜትር» የሚለው ከመሐል አደባባዩ ነው ወይስ ከከተማው ወሰን? በአየር ነው ወይስ በመንገድ? ለትልቅ ከተማ ይህ ልዩነት ግድ አይሰጥም፤ ለዳር ሰፈር ግን ግማሽ ያህል ሊያሳስት ይችላል።

ስለ ቆጠራ ሰነዶች ደግሞ፣ የሚፈልጉት ዓመት ላይኖር እንደሚችል ቀድመው ይወቁ። በአሜሪካ የግለሰቦች ስም ያለበት የቆጠራ ቅጽ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1950ው የተከፈተው በ2022 ነበር። የ1890ው አብዛኛው በ1921 በዋሽንግተን በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል። በእንግሊዝና ዌልስ የ1931ዱ ቅጽ በ1942 ተቃጠለ፣ የ1941ዱ ቆጠራ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም፤ በዚህም የተነሣ ከ1921 እስከ 1951 ድረስ በስም የተዘረዘረ ቆጠራ የለም። የለንደን የዳር ሰፈሮች በብዛት የተሠሩት ደግሞ ልክ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው! እንዲህ ያለ ቀዳዳ ሲገጥም የድሮ ተመራማሪዎች በየዓመቱ የሚታተሙ የአድራሻ ማውጫዎችን፣ የመራጮች መዝገብንና የትምህርት ቤት ምዝገባን ይጠቀማሉ። በሕዝብ ዘንድ ብዙም ስለማይታወቅ ይህንንም ልጨምር፤ በ2020ው የአሜሪካ ቆጠራ የግለሰቦችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የትንንሽ አካባቢዎች ቁጥር ላይ ሆን ተብሎ መጠነኛ ለውጥ ተደርጓል። ስለዚህ ስለ አንድ ማዕዘን ወይም ስለ አንድ መንገድ የሚናገር ቁጥር ላይ ትልቅ ግንብ አይገንቡ።

ትንሽ ሰፈር ላይ መቶኛም ያታልላል። አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወይም የተማሪዎች ማደሪያ ተከፍቶ ሦስት መቶ ሰው ቢገባበት፣ ለሚሊዮን ሕዝብ ምንም አይደለም፤ ለአራት ሺህ ሰው ሰፈር ግን አማካይ ዕድሜውን፣ የጾታውን ሚዛንና የገቢውን መጠን ባንድ ጊዜ ያናጋዋል። ያልጠበቁት ዝላይ ካዩ ትርጓሜ ከመስጠትዎ በፊት ምን ሕንፃ እንደተከፈተ ይጠይቁ።

እንደ አማርኛ ጸሐፊ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለችን። ሰነዱ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ነዋሪው የሚነግርዎት በእኛ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱን ቀላቅዬ፣ ትምህርት ቤቱን ከሰፈሩ ሰባት ዓመት አስቀድሜ ከፍቼዋለሁ፤ አራሚውም እኔም አላየነውም፣ ያየው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። አንዱን አቆጣጠር መርጠው በየቦታው ምልክቱን ያድርጉበት።

አጻጻፉን በሚመለከት፣ እኔ ብሆን በመልክዓ ምድሩ ጀምሬ ወሰኑን ከነዓመቱ አስቀምጥና፣ ታሪኩን በመንገዱ በኩል አድርጌ፣ የሕዝቡን ቁጥር በታሪኩ ውስጥ እየሰካሁ እሄድ ነበር እንጂ ለብቻው በመጨረሻ አልደረድረውም። አሁን በእጅዎ ያሉትን የማይስማሙ ቁጥሮች ከነዓመታቸውና ከነምንጫቸው እዚህ ቢያሰፍሩልን፣ የወሰን ካርታ ካገኙም ፎቶውን ቢያያይዙልን፣ መስመሩ የት ላይ እንደተንቀሳቀሰ አብረን ልናየው እንችላለን።