ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ነው የነቃው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ሥራ ልገባ ስል አየሁት። ወንድምሽ በስንት ልመና መጠጥ ለማቆም እሺ ብሏል። ሎስ አንጀለስ አካባቢ አዳሪ ማገገሚያ አግኝታችሁለታል። ቤቱ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ ነው ያልሽው። መዋኛ ገንዳ አለው፣ ፎቶው ላይ ያምራል ብለሻል። እኔ እንዲህ ዓይነት ቤቶች ውስጥ የሌሊት ሽፍት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ገንዳውን እርሺው።

መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄን ነው፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ነው የነቃው? እስከ መጨረሻው በእኛ ሰዓት ነው የማወራሽ።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ አደጋው ያለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው። መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። እንደሚጥል በሽታ አድርጎ የሚያንፈራግጠው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ካልታከመ ሊገድል ይችላል። እኛ ዘንድ ግን «ቆርጦ ተወው፣ ጀግና!» ተብሎ ብቻውን ክፍል ይዘጋበታል፤ ወይ በቀጥታ ጠበል ይወሰዳል። ጠበል አልቃወምም፣ እናቴ ራሷ ጠበልተኛ ናት። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ ዲቶክስ የሚሰጡ፣ ማለትም መጠጡ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሰውን የሚከታተሉ ቤቶችን ጠበቅ የምታደርገው። ሰው በገባ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት፣ ሠራተኛ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው ክፍሉ ድረስ ሄዶ መተንፈሱን በዓይኑ ማየት አለበት። ከ24 ሰዓት በኋላ በሥራው የሠለጠነ ሰው አይቶ ሊቀንሰው ይችላል። 15 ወይም ከዚያ በታች ሰው ያለበት ቤት ቢያንስ አንድ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ማደር አለበት። ከነዚያ ውስጥ ሲፒአር (ልብ ሲቆም ደረት እየተጫኑ ነፍስ ማዳን) እና የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ መኖር አለበት።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። የእጅ ባትሪውን ፊቱ ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ላይ ታበሪያለሽ። ደረቱን ታያለሽ። ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ካላለ ጠጋ ትያለሽ። ከዚያ ሰዓቱን ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። በቃ። ግን በሌሊት አሥራ ስድስት ጊዜ ነው፤ ሰው ይሰለቻል።

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት፣ ስሙን ተዪው፣ አብራኝ የምታድረው ልጅ ገና በአራት ሰዓት ቅጹን እስከ ንጋት ሞልታ ሰጠችኝ። «ፈርሚና አረፍ በይ» አለችኝ። አዲስ ነበርኩ፣ ፈረምኩ። አሁንም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝና ስንጎራደድ ከአንዱ ክፍል የአልጋ መንኳኳት ሰማሁ። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ይንፈራገጣል። በጎኑ አዙሬ ያዝኩት፣ እሷ 911 ደወለች፣ ደርሰው ወሰዱት፣ ተረፈ። ተመልሼ ቅጹን ሳየው «8:30 — ተኝቷል፣ ይተነፍሳል» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ገና 8:20 ነበር። በወሩ ለቀቅኩ።

ስለዚህ ቤቱን ልታዪ ስትሄጂ የሌሊቱን መከታተያ ቅጽ አሳዩኝ በያቸው። የሰው ስም እየሸፈኑ ማሳየት ይችላሉ። ሰዓቱ ሁሉ 8:00፣ 8:30፣ 9:00 እያለ በአንድ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች የወረደ ከሆነ ተጠራጠሪ። በእግሩ የዞረ ሰው 8:04፣ 8:31፣ 8:58 ነው የሚጽፈው።

ፈቃድ ጉዳይ ላይ እንዳትታለይ። እነዚህን ቤቶች የሚፈቅደው የግዛቱ የጤና አገልግሎት መምሪያ ነው፣ ዝርዝሩም ኢንተርኔት ላይ አለ። ስሙን ብቻ ሳይሆን አድራሻውንም አመሳክሪ፤ ዲቶክስ እንዲሰጥ ለብቻው የተፈቀደለት መሆኑንም እዪ። አንዳንዱ ባለቤት አንድ ፈቃድ ያለው ቤት፣ ጎን ለጎን ደግሞ ሶበር ሊቪንግ የሚሉት ቤት አለው። ሶበር ሊቪንግ ሳይጠጡ አብሮ መኖሪያ ነው እንጂ ሕክምና አይሰጥም፣ የግዛቱ ፈቃድም አያስፈልገውም። ካገገሙ በኋላ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግን ቦታው አይደለም። «ወንድሜ የሚያድረው የትኛው አድራሻ ላይ ነው?» ብለሽ በጽሑፍ ተቀበዪ። ቤቱ ሰፈር ውስጥ ያለ ተራ ቪላ ቢመስልሽ ግን አትደንግጪ። ስድስት ሰውና ከዚያ በታች የሚይዙት እንደዚያው ናቸው።

ናርካን አላችሁ ወይ በይ፤ እንደ ሄሮይንና ፌንታኒል ያለ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው የሚመልስ መድኃኒት ነው። ከ2022 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ ጊዜው ያላለፈ ቢያንስ ሁለት ዶዝ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፤ ቦታውን የሚያውቅና አሰጣጡን የሠለጠነ ሰውም ምንጊዜም ግቢው ውስጥ መኖር አለበት። ወንድሜ የሚጠጣው መጠጥ ብቻ ነው ትዪኝ ይሆናል። አብሮት የሚተኛው ሰው ምን ይዞ እንደገባ በምን ታውቂያለሽ? ጥያቄውን ደግሞ ማናጀሩን አትጠይቂ፣ ኮሪደር ላይ ያገኘሽውን ሠራተኛ ጠይቂ። ቁልፍ ፍለጋ ከጀመረ መልሱን አግኝተሻል።

መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ የደም ግፊትም ይሁን የስኳር፣ ስሙ ከተጻፈበት ብልቃጥ ጋር ይዞ ይግባ። የሀበሻ ነገር ሆኖ በፌስታል ጠቅልለን እንልካለን፤ እንደዚያ የመጣ ክኒን ማንም አይሰጠውም። ምግብም እንደዚሁ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዴ አንዲት አክስት «ብርዝ ነው፣ ለሆዱ ጥሩ ነው» ብላ ጀሪካን ይዛ መጣች። ስከፍተው ሽቅብ ፈላ። ጠጅ ሆኗል! ምስኪን፣ አላወቀችም።

ነፃ የአውሮፕላን ትኬት እንሰጣለን፣ የቤት ኪራይ እንችላለን እያለ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጊ። የሚፈልገው የወንድምሽን ኢንሹራንስ ነው። ሰው ላመጣ ኮሚሽን መክፈልን እዚህ ሕግ ይከለክላል። «እስኪጨርስ በር እንቆልፍበታለን» የሚልም እንደዚሁ ይቅርብሽ። በፈቃዱ የገባ ሰው በፈቃዱ ይወጣል፤ እሳት ቢነሳም በሩ ከውስጥ መከፈት አለበት።

እንግሊዝኛው ደከም ካለ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሜዲ-ካል (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የካሊፎርኒያ መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) የሚቀበል ቤት በነፃ ማቅረብ አለበት። አንቺ አስተርጓሚ አትሁኚለት፣ እህቱ ፊት የማይናገረው ነገር አለ።

አንድ ወረቀት ግን በገባበት ቀን አስፈርሚው፣ መረጃ ለአንቺ እንዲነገር የሚፈቅደውን። የፌዴራል ሕጉ የሱስ ታካሚን ምስጢር በጣም ይጠብቃል። ያ ወረቀት ከሌለ ሌሊት እያለቀስሽ ብትደውዪም፣ ስልኩን የምታነሳዋ ልጅ እዚህ መኖሩንም አለመኖሩንም አትነግርሽም። እኔም ብሆን አልነግርሽም።