ሚኒሞ ላይ ለሚንቀጠቀጥ አሮጌ ሞተር

ሰላም ወዳጄ። ባለ ካርብራተሯ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ያላት) የድሮ መኪናህ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳትረግጥ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር፣ እየተንቀጠቀጠች ትጠፋለች፤ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ማጽጃ ያድናት እንደሆነ ጠይቀሃል። የሚረዳው ለረጅም ጊዜ ቆማ ቤንዚኑ በቀጭኗ የሚኒሞ ቀዳዳ ላይ እንደ ሙጫ መድረቅ ከጀመረ ነው። ጭራሽ ከተደፈነ ግን ፈቶ ማጠብ ነው። የእርሳስ ምትክ የሚባለውማ (ድሮ ቤንዚን ውስጥ የነበረውን እርሳስ፣ ማለትም ሌድ፣ የሚተካው ፈሳሽ) የቫልቭ መቀመጫ ይጠብቃል እንጂ ከሚኒሞ ጋር አይገናኝም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ያለ ቦታው አየር ሾልኮ የሚገባበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ሞተሩን አስነሳና ካርብራተሩ ሥር ባለው ጋስኬት ዙሪያ የካርብራተር ማጽጃ ስፕሬይ በትንሽ በትንሹ እርጭ። ድምፁ ድንገት ከተለወጠ ሌባውን ያዝከው። (የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ እንዳታስነካው፣ እሳት ነው!) እኔ ሁለት ጠርሙስ ማጽጃ ከጨረስኩ በኋላ ነው የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ያገኘሁት። ቀጥሎ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) እና ፑንቲና (ብልጭታው እንዲነሳ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠውን መገናኛ) እይ። የካርብራተሩን ማስተካከያ ቪቴ መጨረሻ ላይ ንካ።