ቤዝ ሲመታ የሚዘጋ አምፕ

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ቪትዜ ላይ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብውፈር (የቤዝ ስፒከር) እና በ2 ኦም 1000 ዋት የሚሰጥ ሞኖ አምፕ (ባለ አንድ ቻናል ድምፅ ማጉያ) አስገጥሜያለሁ። እያንዳንዱ ሳብ ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለው። ድምፁን ከፍ ሳደርግ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቆየት ብሎ አምፑ ቀይ አብርቶ ይዘጋል። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አከማችቶ ለቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ግዛ ተብያለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ይያዙ። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ቮልት ወደ 12 እስኪወርድ የሚያወጣው 26 ጁል ብቻ ነው። 1000 ዋት ለሚስብ አምፕ ይህ የሰከንድ አንድ አርባኛ ያህል ነው፤ የ40 ኸርዝ ቤዝ አንዲት ዙር! ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

የሳቦቹን ገመድ ከአምፑ ነቅለው አምፑን ያብሩት። ያለ ጭነትም ቀይ ካበራ ምናልባት ውስጡ ተበላሽቷልና ለጠጋኝ ይስጡት። ካላበራ የነቀሉትን ገመድ በቴስተር ኦም ላይ ይለኩ (አስቀድመው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካክተው የሚያሳየውን ቁጥር ይቀንሱ)። 1 ኦም አካባቢ ካገኙ አራቱም ኮይሎች በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ታስረዋል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር ጭነቱ ስለሚበዛ 2 ኦም ለሚችል አምፕ ይህ ከአቅም በላይ ነው። መፍትሔው በየሳቡ የአንዱን ኮይል ኔጌቲቭ ከሌላው ኮይል ፖዘቲቭ ጋር ማገናኘት ነው፤ 8 ኦም ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ሳብ በፓራለል ሲያስሩ 4 ኦም ያገኛሉ። የሁለቱን ሳቦች አራቱንም ኮይሎች ተጠቅሞ 2 ኦም የሚሰጥ አስተሳሰር የለም፤ አለ የሚልዎትን በቴስተር እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። በ4 ኦም የአምፑ ኃይል ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል፣ ጆሮ ግን ልዩነቱን የሚሰማው ከሚጠበቀው በጣም ባነሰ መጠን ነው።

የመብራቱ መደብዘዝ ደግሞ የቮልት ጉዳይ ነው። ሞተር እየሠራ፣ ቤዝ እየመታ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይለኩ፦ ባትሪው ላይና አምፑ ላይ። ባትሪው 14 ይዞ አምፑ ላይ 13 ከደረሰ 1 ቮልቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በፓኬት የሚሸጠው ገመድ ነው፤ ላስቲኩ ወፍራም፣ ሽቦው ግን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ያድርጓት፣ ውስጧ ብርማ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ለእርስዎ አምፕ ንጹሕ የመዳብ 25 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ያስፈልጋል። የብየዳ ማሽን ገመድ ጥሩ ምትክ ነው፤ መዳብ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ከባትሪው በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የ100 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ፊውዙ ገመዱን እንጂ አምፑን አይጠብቅም፤ አምፑ አጠገብ ብቻ ከተደረገ፣ በላሜራው ሲያልፍ የተላጠ ገመድ መኪናውን ያቃጥላል።

ማሳው (የአምፑ ኔጌቲቭ ገመድ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰርበት) ከሁሉም በላይ ይረሳል። የወንበር ብሎን ላይ አይሰሩት። ባዶ ላሜራ ፈልገው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፋቁ፣ በዚያው ውፍረት ከግማሽ ሜትር ባነሰ ገመድ ይሰሩት፣ ካጠበቁ በኋላ ዝገት እንዳይገባ ግሪስ ይቀቡት። ከዚያ ቤዝ እየመታ ከአምፑ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ይለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ገና ነው። ፋብሪካው ከባትሪ ወደ ቦዲ የሰጠው ገመድ ቀጭን ከሆነም ሌላ 25 ካሬ ጎን ለጎን ይጨምሩበት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ባትሪው ራሱ ከ12 በታች ከወረደ ያኔ ባትሪውን ያስፈትሹ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ላይ የተጻፈውንም አምፒር ይዩ። ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) ዲናሞው ከተጻፈበት በጣም ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ ቆመው ጮክ አድርገው የሚያዳምጡ ከሆነ መብራቱ ትንሽ ቢደበዝዝ አይደንግጡ።

አንድ ነገር ይለዩልኝ፦ ቤዝ በመታበት ቅጽበት የሚዘጋው የጭነት ወይም የቮልት ነው። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ከዘጋና ሲበርድ ከተመለሰ ግን የአዳማ ሙቀት ነው። አምፑን ከሳቡ ሣጥን ላይ አውርደው፣ ምንጣፍ ሳይሸፍነው፣ በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይተዉለት።