ሽቦውና በረንዳው፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ ምሰሶ ላይ የወረዱ ይመስላሉ፤ በአንድነት ላስተናግዳቸው።

«ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ልጀምር ነው። በአጥሬ ጥግ ባለ 11 ኪሎ ቮልት መስመር ያልፋል። ግድግዳዬን ስንት ሜትር ላርቀው?»

ቁጥሩ እንደየአገሩ ደንብ ይለያያል። የህንድን ብንወስድ ለ11 ኪሎ ቮልት ወደ ጎን 1.2 ሜትር፣ ከጣሪያ ወደ ላይ ደግሞ 3.7 ሜትር ነው፤ ለ33 ኪሎ ቮልት የጎኑ 2 ሜትር ይሆናል። የአገርዎን ቁጥር ከኤሌክትሪክ አቅራቢው በጽሑፍ ይቀበሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አለካኩ ነው። ብዙ ሰው ነፋስ በሌለበት ጠዋት ምሰሶው ሥር ቆሞ ይለካል። እዚያ ሽቦው ከስኒው (ምሰሶው ላይ ካለው፣ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፈው መያዣ) ጋር ስለታሰረ ንቅንቅ አይልም። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ሆዱ ግን በፀሐይና በጭነት ሲሞቅ ይረዝምና ይረግባል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ እንደ ዥዋዥዌ ወደ ቤትዎ ይመጣል። ርቀቱ የሚታሰበው በጣም ሲረግብና በጣም ሲወዛወዝ ከሚደርስበት ነጥብ ነው። በቤቱም በኩል ከግድግዳው ሳይሆን ከበረንዳው ጠርዝ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ይነሣል። በረንዳዎ 1 ሜትር ከወጣ፣ ያ ሜትር ከርቀቱ ተቀነሰ ማለት ነው። ደግሞ የብረት ሜትር ወደ ሽቦው ሽቅብ እንዳይዘረጉ! የመስመሩን ከፍታ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካልዎታል።

«ሽቦውን እስካልነካሁት ድረስ ምን ያደርገኛል?»

እውነት ለመናገር 11 ኪሎ ቮልት በአየር ላይ ብዙ አይዘልም፤ ደረቅ አየር በሴንቲሜትር 30 ኪሎ ቮልት ገደማ ይቋቋማል። ሜትሮቹ የተጨመሩት ሰው ስለማይረጋ ነው። ሠራተኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ 12 ሜትር ፌሮ ትከሻው ላይ አድርጎ ዞር ሲል ዓይኑ ያለው ከፊቱ ባለው ጫፍ ላይ ነው፤ የኋላው ጫፍ የት እንደደረሰ አያይም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ድረስ ላለ እርቃን ሽቦ ሠራተኛ የሚቆምበት የግንባታ መወጣጫውም፣ በላዩ የሚያዘው ዕቃም 3 ሜትር ያህል እንዲርቅ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤቱ ሲያልቅ በቂ የሚሆነው ርቀት በግንባታ ወቅት ላይበቃ ይችላል። ያን ጊዜ አቅራቢው መስመሩን እንዲያጠፋ ቀን ያስይዙ።

«ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ባስሸፍነውስ?»

አይሆንም። የውኃ ቱቦ ለዚህ ቮልቴጅ አልተሠራም፤ ሲሸፍኑትም ሰው ይሞታል።

«ከመስመር አጠገብ መኖር ካንሰር ያመጣል ይባላል።»

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲህ ያሉ መስመሮች የሚፈጥሩትን መግነጢሳዊ መስክ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ» ከሚላቸው ጋር መድቦታል። መንስኤ ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም፤ መስኩም በርቀት ቶሎ ይደክማል። እኔ ብሆን ከዚህ ይልቅ በረንዳው ላይ ስለሚቆመው የአሉሚኒየም መሰላል እጨነቅ ነበር።

«ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው ቅርበቱን ያስተዋልኩት።»

መስመሩ እንዲዛወር ወይም በተሸፈነ ኬብል እንዲተካ ለአቅራቢው ያመልክቱ፤ ወጪውን እርስዎ ሊጠየቁ ይችላሉ። እስከዚያው በዚያ በኩል ያለውን በረንዳ ይቆልፉ፤ ልብስ ማስጫውንም ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሌላ ወገን ያዙሩት።