ንጉሡ ሠ

ልጆቼ፣

ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ የጋዜጣ መስቀለኛ ቃል እሞላለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከኋላዬ ቆማችሁ «ጋሼ፣ እሱ እኮ እንዲህ ነው» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ትክክል ናችሁ። «እንዴት አወቃችሁ?» ስል ግን መልሳችሁ «እንዲሁ መጣልኝ» ነው። ይህን ያስጻፈኝ ይህቺ «እንዲሁ መጣልኝ» ናት።

የእኛ ጋዜጦች ጨዋታ ባብዛኛው ቀጥተኛ ነው። «የዓባይ መነሻ ሐይቅ» ይላል፣ «ጣና» ብላችሁ ትሞላላችሁ፣ አለቀ። እኔን የያዘኝ የእንግሊዞቹ ነው። ጨዋታው የተወለደው አሜሪካ ሲሆን አርተር ዊን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። እንግሊዞች ወስደው አመሰጠሩት፤ የለንደኑ ጋዜጣ ዘ ታይምስም ከ1930 ጀምሮ ያወጣዋል። የእነሱ ፍንጭ ሁለት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸሽጋል። የመልሱ ትርጉም በአንዱ ጫፍ፣ ከፊት ወይም ከኋላ ይቀመጣል፤ የቀረው ፊደሎቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ይናገራል። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ የጎንደር ልጅ ይህ ባዕድ አይደለም።

በአማርኛም ይሠራል። አንድ ራሴ ያዘጋጀሁትን ልስጣችሁ፦ «ትእዛዝ ሰጠ፣ መጨረሻው ሰባተኛ ሆነ፤ አውሮፕላን ማረፊያችን (3 ፊደል)»። ሲነበብ ሲያዝ ውሎ ሰባተኛ የወጣ ሰው ይታያችኋል፤ እሱ ሰሙ ነው። ትእዛዝ ሰጠ ማለት «አዘዘ» ነው። የመጨረሻው ፊደል ወደ ሰባተኛው፣ ወደ ሳብዕ ሲዞር «ዘ» «ዞ» ይሆናል። አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት! የእንግሊዝ ፊደል እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ በዚህ ትንሽ እንድኮራ ፍቀዱልኝ። ሌላው ሀብታችን ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ አለመታየቱ ነው። «በዓሉ አልደረሰም (2)» ብል፣ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር ነው።

ሞልቼ ስጨርስ ግን አልነሳም። ደብተር አለኝ። ለእያንዳንዱ መልስ ትርጉሙ የት እንደሚያበቃ፣ ፊደሎቹ ከየት እንደመጡ እጽፋለሁ። መንገዱን ያላገኘሁለት መልስ ቢገጥምም እንኳ አከብበውና ነገ እመለስበታለሁ። ስለ አዘጋጁ የምፈርደውም ከዚያ ወዲያ ነው። ሥራ የሌለው ቃል አስገብቷል? የሰጠው ትርጉም መልሱን በእርግጥ ይገልጸዋል? ያሸነፈኝ በብልሃት ነው ወይስ በማጭበርበር?

ይህ ልማድ ከኀፍረት የመጣ ነው። ድሮ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ወደ ታች «ንጉስ» ብዬ ሞላሁ። አግድም የሚያቋርጠው የጎንደሩ የደብረ ብርሃን ደብር ስም ነበር። ደብሩን ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ፤ «ሥላሴ» ነው፣ በሌላ ሰ አይጻፍም። የእኔ «ስ» ከዚያ «ሥ» ጋር አልገናኝ አለኝ። ተናድጄ «አዘጋጁ ፊደል አልቆጠረም» የሚል ደብዳቤ ጽፌ ፖስታ ቤት አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ገጽ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ፊደሎቹን በየስማቸው ስጠራ፣ እሳቱ ሰ... ንጉሡ ሠ... አፌ ላይ ደረቀ። ፊደሉ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከቃሉ ነው! እኔ ንጉሡን በእሳቱ ሰ ጽፌ ኖሯል ፊደል ያልቆጠረ የምለው።

ጋዜጣው ደግነቱ ደብዳቤዬን አላተመውም። ከዚያ ወዲህ በስክሪብቶ አልሞላም፤ እናንተም በእርሳስ ሙሉ።

ለመንገዳችሁ አንዲት ልስጣችሁ፦ «መሐላ ፈጸመ፣ ተመልሶ በለጸገ (2)»። መልሱን ብቻ ይዞ የመጣ ቡናውን ራሱ ይከፍላል፤ መንገዱንም ይዞ ለመጣ እኔ እከፍላለሁ።